ሱብሒና ጽባሕ፦ ቋንቋን በዩኒቨርሲቲ ማጥናት ምን ያስገኛል?

በዱባይ ማሪና የሚመላለሰው ትራም እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል። የየጣቢያው ስም በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ይነገራል፤ ተሳፋሪው ግን በኡርዱ፣ በማላያላም፣ በታጋሎግ፣ በሩስያኛ፣ በአማርኛም ይጨዋወታል። ከማሪና ተነሥቶ ወደ አስ-ሱፉሕ የሚጓዝ ሰው ኖሌጅ ቪሌጅ የተባለውን ጣቢያ ያገኛል። በዚያው አካባቢ ባለው የዱባይ ኖሌጅ ፓርክ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፎቻቸውን ከፍተዋል። የልዩ ልዩ ቋንቋዎች መገናኛና የከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ በአንድ መስመር ላይ ይገኛሉ ማለት ነው።

ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ምክክር ላይ በቅድሚያ የሚነሡት ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ ኮምፒዩተርና ንግድ ናቸው። ቋንቋን ላጥና የሚል ልጅ ካለ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ዓረብኛውን ከመድረሳ፣ አማርኛውን ከቤት፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ካገኘ ዩኒቨርሲቲው ምን ይጨምርለታል? ጥያቄው ከልጁ እንጀራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ተገቢ መልስ ይሻል።

መልሱ የሚጀምረው ቋንቋን በመናገርና ቋንቋን በማጥናት መካከል ካለው ልዩነት ነው። ሥነ ልሳን የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ተማሪውን ብዙ ቋንቋ ተናጋሪ ለማድረግ የታሰበ አይደለም። ድምፅ በአፍና በጉሮሮ ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ቃል ከሥሩ እንዴት እንደሚረባ፣ ዐረፍተ ነገር በምን ሥርዓት እንደሚዋቀር፣ ቋንቋ በዘመን ሂደት እንዴት እንደሚለወጥና ማኅበረሰብ በቋንቋው ምን እንደሚሠራበት የሚመረምር ሳይንስ ነው። በመድረሳ ተጅዊድ የተማረ ልጅ የዚህን ሳይንስ አንዱን ክፍል ሳያውቀው ጀምሮታል። የፊደላትን መውጫ፣ ማለትም መኻሪጁን፣ ከጉሮሮ እስከ ከንፈር ለይቶ ማወቅ ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ድምፅ ኮርስ የሚያስተምሩት ነገር ነው።

ሁለቱን ቋንቋዎች የያዘ ተማሪ ምን ያህል እንደሚቀድም በአማርኛ ፊደል ገበታ ላይ ማየት ይቻላል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በዛሬው አማርኛ አንድ ድምፅ ስላላቸው ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ፤ ተማሪዎችም ለምን እንደተደጋገሙ ግራ ይገባቸዋል። ዓረብኛ የሚያውቅ ግን ልዩነቱን ዛሬም በየዕለቱ ይሰማዋል። በ«ሐ» የሚጻፈው «ሕልም» በዓረብኛ «ሑልም» ነው፤ በ«ኀ» የሚጻፈው የግዕዝ «ኀምስቱ» በዓረብኛ «ኸምሳ» ነው፤ የግዕዙ «ዐሠርቱ» ደግሞ ከ«ዐሸራ» ጋር ይገጥማል። አማርኛ በንግግር ያጣቸውን ድምፆች ፊደሉ በጽሑፍ ጠብቋቸዋል፤ ዓረብኛም በአንደበት አቆይቷቸዋል።

በየዕለቱ ከሚነገሩ ቃላት ደግሞ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ይገኛል። የንጋቱ ሶላት «ሱብሒ» እና የግዕዙ «ጽባሕ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። የረፋዱ «ዱሓ» እና «ፀሐይ» እንደዚሁ ይዛመዳሉ፤ «ፀ» በጥንታዊ ግዕዝ ከዓረብኛው «ዷድ» ጋር የሚመሳሰል ራሱን የቻለ ድምፅ ነበረው። አማርኛው «ምሽት» ከዓረብኛው «መሳእ» ጋር ይዛመዳል። «ምሕረት» እና «ረሕመት» ደግሞ ተመሳሳይ ሥርወ ፊደላት ቦታ ተለዋውጠው የሚገኙባቸው ቃላት ናቸው። እነዚህ አንዱ ከሌላው የተዋሳቸው አይደሉም፤ ከጋራ ሴማዊ አያት የተወረሱ ናቸው። «ሱቅ» እና «ሳሙና» ግን ከዓረብኛ በንግድና በጉርብትና የገቡ ናቸው። ውርሱን ከውሰት ለመለየት የሚያስችለው መደበኛውን የድምፅ ተዛምዶ የማወቅ ጥበብ ነው፤ ይህም በግምት ሳይሆን በትምህርት የሚገኝ ነው።

ጥያቄው ለሙስሊም ዑለሞች አዲስ አልነበረም። በሱረቱ አን-ኑር የሚገኘውን «ሚሽካት» የተሰኘ ቃል ኢማም አስ-ሱዩጢ ከሐበሻ ቋንቋ ጋር ከሚዛመዱት ውስጥ ቆጥረውታል፤ «መስኮት» ለሚል አንባቢ ቅርበቱ ግልጽ ነው። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ በበኩላቸው የቁርኣን ቃላት በሙሉ ዓረብኛ መሆናቸውን አጥብቀው ተከራክረዋል። ስለ ቃላት ዝምድና የሚደረገው ክርክር ከዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ በዑለሞች መድረክ ተነሥቶ ነበር።

ታሪኩ ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ተሰደው በነበሩበት ጊዜ ያደገችው ኡሙ ኻሊድ ወደ መዲና በተመለሰች ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ አልብሰዋት በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» ብለዋታል፤ ቆንጆ ነው ማለታቸው ነበር። የግዕዙን «ሠናይ» ለሚያውቅ ሰው ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም። ሕፃኗን ባደገችበት ቋንቋ ማነጋገራቸው በስደት ለሚያድጉ ልጆች ወላጆችም ትርጉም አለው። ቁርኣን በሱረቱ አር-ሩም የቋንቋዎችን መለያየት ከአላህ ተአምራት መካከል መጥቀሱም ይታወቃል።

ሳይንሱን በማቋቋም ረገድ የዚህ የባሕረ ሰላጤ አካባቢ ድርሻ ትልቅ ነው። ከዑማን የተገኙት አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ አል-ፈራሂዲ በኪታብ አል-ዐይን ቃላትን ያደራጁት ፊደላት ከጉሮሮ ጀምረው በሚወጡበት ቅደም ተከተል ነበር። ፋርሳዊው ተማሪያቸው ሲበወይህ ደግሞ የዓረብኛን ሰዋስው መሠረት ጽፈዋል። በግራናዳ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1344 በካይሮ ያረፉት አቡ ሐያን የቱርክን ቋንቋ የሚገልጽ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፤ ስለ ሐበሻ ቋንቋም መጻፋቸው በታሪካቸው ተመዝግቧል። ሥራው እስከ ዛሬ አልደረሰም እንጂ፣ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በተማረው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ከማሳተሙ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የቀደመ ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱን ዓለማት በአንድነት ካጠኑት አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ፈርጉሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት ጥናት አንድ ማኅበረሰብ ለመጽሐፍና ለመድረክ አንድ ዓይነት፣ ለቤትና ለገበያ ሌላ ዓይነት ቋንቋ የሚጠቀምበትን ሁኔታ «ዳይግሎሲያ» በሚል ስም ገልጸዋል፤ ከዋና ምሳሌዎቻቸው አንዱ ዓረብኛ ነበር። በኋላም በኢትዮጵያ የቋንቋዎች ጥናት ተሳትፈው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 በመጽሐፍ ታትሟል። በዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በመስጊድ ኹጥባ የሚሰማው ፉስሓና በገበያ የሚሰማው የኸሊጅ ዓረብኛ ለምን እንደሚለያዩ ከዚህ ጥናት ይረዳል።

ሠራተኞችና አሠሪዎች በየቤቱ የሚግባቡበት ቀለል ያለ ዓረብኛም የጥናት መስክ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የታተሙ ጥናቶች ይህ አነጋገር የራሱ ሥርዓት እንዳለው አሳይተዋል፤ «ማፊ» የሚለው ቃል ለልዩ ልዩ የአሉታ ዓይነቶች ማገልገሉ አንዱ ምሳሌ ነው። ብዙ እህቶች የተሰበረ ዓረብኛ እየተባሉ የሚያፍሩበት አነጋገር፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ ያላቸው ሰዎች መግባቢያ ሲፈልጉ የሚፈጥሩት የታወቀ የቋንቋ ዓይነት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ባለሙያ የሚሻው ሥራ ያለው ግን በአገር ቤት ነው። የወሎ ዑለሞች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ይህ ጽሕፈት አጀም ይባላል። መንዙማዎችና የሃይማኖት ትምህርቶች በዚሁ ተጽፈዋል። አማርኛ ሰባት አናባቢዎች ሲኖሩት የዓረብኛ ምልክቶች መሠረታቸው ሦስት ነው፤ ለ«ጨ» እና ለ«ኘ»ም ዓረብኛ የራሱ ፊደል የለውም። ስለዚህ አንድን የአጀም ገጽ በትክክል ለማንበብ ዓረብኛን፣ የወሎን አማርኛና የእስልምናን ትምህርት በአንድነት ማወቅ ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1926 አሳትመዋል። በቅርቡም እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የተመራ ፕሮጀክት በአፍሪካ ቀንድ የእስልምና ጽሑፎች ላይ ሠርቷል። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ ይሁንና ከእነርሱ ጎን መቆም የሚገባቸው ጽሑፉን ከአያቶቻቸው የወረሱት ናቸው። ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም እንዲሉ።

አርጎብኛም ሌላው ምሳሌ ነው። ለአማርኛ እጅግ ቅርብ የሆነው ይህ ቋንቋ የሙስሊም ማኅበረሰብ ቋንቋ ሲሆን፣ በብዙ ቦታዎች ተናጋሪዎቹ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ዞረዋል። ሾንኬና ጦለሃን በመሳሰሉ የወሎ መንደሮች ተጠብቆ የቆየው ዓይነት በሊቃውንት ተመዝግቧል፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ቋንቋን አያኖርም። መዝገበ ቃላት፣ የልጆች መጽሐፍና የሠለጠነ መምህር ያስፈልጉታል።

ይህን ለመማር የሚሹ በሁለቱም አገሮች በር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልሳንን ያስተምራል፤ የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) ለተማሪዎች ዋና ማጣቀሻ ሆኖ ቆይቷል። በሻርጃ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው የሻርጃ ዩኒቨርሲቲ የዓረብኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍል አለው። በሻርጃ ገዥ በሼኽ ዶክተር ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል-ቃሲሚ አስተባባሪነት የተዘጋጀው የዓረብኛ ታሪካዊ መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ2024 በ127 ቅጾች ተጠናቅቋል። አንድ መንግሥት ለቋንቋው እንዲህ ያለ ሥራ ሲያሠራ የሥነ ልሳን ባለሙያዎች ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ይታያል።

የሥራው ገበያ ደግሞ ለሕክምና ተመራቂ እንደሚሆነው ቀጥ ያለ መንገድ የለውም፤ ይህን ደብቆ ልጅን መምከር አይገባም። በኢማራት የሕግ ትርጉም ለመሥራት በፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብ ግድ ነው። ማሽን እንዲተረጉምና እንዲያነብ ማስተማር ደግሞ ሥነ ልሳንን ከኮምፒዩተር ትምህርት ጋር ማጣመርን ይጠይቃል። በአቡ ዳቢ የሚገኘው የሙሐመድ ቢን ዛይድ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ያስተምራል። አማርኛ ወደ ጉግል ትርጉም የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ጥራቱ ግን የሚወሰነው ቋንቋውን በሚያውቁ ሰዎች ሥራ ነው። ስለዚህ ቋንቋን ከሕግ፣ ከማስተማር ሙያ ወይም ከኮምፒዩተር ጋር አጣምሮ መማር ለብዙዎች የተሻለው ምርጫ ነው።

ወላጆች ከዚህ ሁሉ በፊት የሚወስኑት አንድ ነገር አለ። ቁርኣንን በተጅዊድ የሚቀራና አማርኛን ከነአነጋገሩ የሚያውቅ ልጅ ሌሎች ተመራማሪዎች በብዙ ዓመታት ድካም የሚያገኙትን መሣሪያ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ዓረብኛውን ትምህርት ቤትና መስጊድ ያግዙታል። አማርኛው ግን በስደት አገር ከቤት ውጭ ጠባቂ የለውም፤ በቤት ውስጥ ከተተወ በኋላ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ በቀላሉ አይመለስም።