ውል ያፈረሰ ሁሉ ይታሰራልን?

ከጂቡቲ ወደ መሐል አገር የሚመጣው ጭነት በሰመራና በአዋሽ በኩል ያልፋል። አንድ ባለመኪና ቀብድ ተቀብሎ፥ መኪናው በመንገድ ተሰብሮበት ዕቃውን በቀኑ ባያደርስ፥ ይታሰር ዘንድ ይገባልን?

ቀድሞ በአገራችን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከአበዳሪው ጋር ቁራኛ ይታሰር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለውል አፍራሽ ያዘጋጀው ወህኒ አይደለም፤ እንደ ውሉ መገደድን፥ የውሉን መሰረዝና ኪሣራን ነው። ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ላገደውም ኪሣራው ይቀርለታል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በበኩሉ፥ የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ ማንም እንዳይታሰር በ11ኛው አንቀጽ ይከለክላል።

ነገር ግን «ብቻ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ያው ባለመኪና የሰው ዕቃ አራግፎ ቢሸጥ፥ ወይም ከመነሻው ላይጭን አስቦ ቀብድ ቢበላ፥ ነገሩ ከውል ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የፊተኛውን በእምነት ማጉደል፥ የኋለኛውን በማታለል ይቀጣል።

ስለዚህ አቤቱታ የሚቀበል ወጣት ሹም አስቀድሞ «አቃተው ወይስ አታለለ?» ብሎ ይጠይቅ እንላለን። አታላዩ ቢቀጣ ንግድ ይጠበቃል፤ ያቃተው ቢታሰር ግን መኪናውን ጠግኖ፥ ሠርቶ ዕዳውን የሚከፍል አይገኝም።