ከቤት የወጣው ፈትል

እናቶቻችን ጥጥ ባዝተው በእንዝርት ሲፈትሉ አይተን ያደግን ሁሉ፥ ይህ ሥራ ከቤት ቢወጣ ልጆች ምን እንደሚሆኑ አስበን አናውቅም። በእንግሊዝ አገር ግን ታይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. ሪቻርድ አርክራይት በክሮምፎርድ በውሃ ኃይል የሚዞር የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ አቆመ። እንዲህ ያለው ፋብሪካ ሲበዛ ክር ረከሰ፤ በየቤቷ ትፈትል የነበረችው እናት ግን ገቢዋን አጣች። የተበጠሰውን ክር ለመቀጠል ትንሽ እጅ ይመቻል ተብሎም ሕፃናት ከመኪናው ሥር ቆሙ። በወላጆቻቸው ለመፍረድ አንቸኩልም፤ የቤቱን እንጀራ የወሰደው መኪናው ነበርና። ቀድሞ የወጡት ሕጎች ጠባቂ አጥተው ቀሩ። የ1833ቱ ሕግ ግን 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በጥጥ ፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለ፤ 13 ዓመት ያልሞላውም በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይሠራና 2 ሰዓት እንዲማር አዘዘ። ይህን እንዲጠብቁ የተሾሙት ተቆጣጣሪዎች ለመላው አገር 4 ነበሩ።