አደራው ለማን ይሰጥ?
የይዘት አዘጋጁና ማናጀሩ



አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት እህት አለች እንበል። በሂጃቧ ሆና በእናቷ ማጀት ውስጥ የምግብ አሠራር በስልኳ እየቀረጸች በዩቲዩብና በቲክቶክ ታስተላልፋለች። የሳምቡሳው ሊጥ እንዴት እንደሚሳሳ፣ የረመዷን ሾርባ እንዴት እንደሚዘጋጅ ታሳያለች። ሁለት ዓመት ለፍታ ተመልካች አፈራች። አንድ ቀን ከማታውቀው ሰው መልእክት ደረሳት። «ማናጀርሽ ልሁን። ማስታወቂያ አመጣልሻለሁ። አንቺ ሥራሽን ብቻ ሥሪ፤ ሌላውን ለእኔ ተይው» ይላል። አራት ገጽ የእንግሊዝኛ ውልም ተያይዟል። እህታችን ደስ አላት። አባቷ ግን ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ሰውየው ማነው? ከዚህ በፊትስ የማንን አደራ ይዞ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቋት።

ይህች እህት ለምሳሌ ያህል የተጠቀሰች ብትሆንም የአባቷ ጥያቄ ግን ዛሬ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። የቁርኣን አቀራር፣ ነሺዳ፣ ትምህርት፣ ቀልድ ወይም ሙያ በኢንተርኔት የሚያቀርቡ ወጣቶቻችን በዝተዋል። ብዙዎች «ይዘት ፈጣሪ» ይሏቸዋል። ፈጣሪ አላህ ብቻ ነውና እኛ «ይዘት አዘጋጅ» ማለቱን መርጠናል። አዘጋጁ ሲታወቅ የወኪልነት ጥያቄ መቅረቡ አይቀርም። ታዲያ ይህን ሰው በምን መለኪያ እንምረጠው?

ማናጀር በሸሪዓ ዓይን

ማናጀር የሚለው ቃል አዲስ ይምሰል እንጂ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ «ወካላህ» ተብሎ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ማናጀር ማለት በሌላ ሰው ስም የሚደራደር፣ የሚዋዋልና ገንዘብ የሚቀበል ወኪል ነው። ወኪል ደግሞ አደራ ተቀባይ እንጂ የሥራው ባለቤት አይደለም። ይህን ልዩነት የዘነጋ ይዘት አዘጋጅ ውሎ አድሮ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወኪል ለወካዩ ጥቅም በቅን ልቦና እንዲሠራና ስለ ሥራው ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ለሥራው አመንጪ የኢኮኖሚና የሞራል መብት ይሰጣል።

ሁለት መለኪያዎች፣ ሁለት ታሪኮች

በሱረቱል ቀሰስ አንቀጽ 26 ላይ ከመድየን ሰው ሁለት ሴት ልጆች አንዷ አባቷ ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥራቸው ስትመክር ሁለት ነገሮችን ጠቅሳለች። እነሱም ብርታትና ታማኝነት ናቸው። ለማናጀርም መለኪያዎቹ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ታማኝ ሆኖ ሥራውን የማያውቅ ሰው ገበያውን ያበላሻል፤ ሥራውን አውቆ ታማኝ ያልሆነ ደግሞ ባለቤቱን ያራቁታል።

እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ባለ ሀብት ነጋዴ ነበሩ። ከነቢይነት በፊት ሸቀጣቸውን ይዘው ወደ ሻም እንዲሄዱላቸው ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) የመረጡት የእውነተኝነታቸውንና የአደራ አጠባበቃቸውን ዝና ሰምተው ነው። አገልጋያቸውን መይሰራህንም አብሮ እንዲጓዝ ላኩት፤ እሱም ሲመለስ ያየውን ነገራቸው። ከዚህ የምንማረው አደራ ከመስጠት በፊት ስለ ሰውየው ማጣራት፣ በአንድ ሥራ መጀመርና ጉዳዩን የሚያይ ሌላ ዓይን ማኖር ተገቢ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው የዑርወቱል ባሪቂ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። በቡኻሪ እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጡት። እሱም በዲናሩ ሁለት በጎች ገዛ፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠና በጉንም ዲናሩንም ይዞ መጣ። ነቢዩም በንግዱ በረከት እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። የታዘዘው በግ እጁ ላይ ስለነበር ዲናሩን ኪሱ ቢከት ማን ያውቅበት ነበር? እሱ ግን ትርፉን ለባለቤቱ አስረከበ። መልካም ማናጀር ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ካለፉት እንማር

አደራ በግድየለሽነት ሲሰጥ ምን እንደሚከተል የዘመናችን ታሪክም ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ የብዙ አዘጋጆችን የዩቲዩብ ቻናሎች በአንድ ጥላ ሥር የሚያስተዳድሩ ትልልቅ ኩባንያዎች በአሜሪካ ተስፋፍተው ነበር። አንዱ ማሺኒማ ይባላል። በ2013 አንድ እንግሊዛዊ ወጣት ከዚህ ኩባንያ ጋር የፈረመው ውል ማብቂያ የሌለው መሆኑን ዘግይቶ መረዳቱን በይፋ ተናግሮ ሥራውን አቆመ። ውሉን ሲፈርም በደንብ አላነበበውም ነበር። ኩባንያው ራሱ በ2019 መጀመሪያ ላይ ፈረሰ፤ በዋናው ቻናሉ ላይ የነበሩት ቪዲዮዎችም ከሕዝብ ዓይን ተሰወሩ።

ዴፋይ ሚዲያ የተባለው ሌላው ኩባንያ ደግሞ በኅዳር 2018 በድንገት ሥራውን ሲያቆም የማስታወቂያ ገቢያቸው በኩባንያው በኩል ያልፍ የነበረ አዘጋጆች የሠሩበትን ገንዘብ ሳያገኙ ቀሩ። በመጀመሪያው ጉዳይ የጎዳው የውሉ ዘመን ነው፤ በሁለተኛው ግን ገንዘቡ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ማናጀሩ ኩባንያም ይሁን የጎረቤት ልጅ አደጋው አንድ ነው።

ቁልፉ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ

ወደ እህታችን እንመለስ። ሰውየው «ቻናሉን እንዳስተካክልልሽ የይለፍ ቃልሽን ላኪልኝ» ቢላት መልሷ «አይሆንም» መሆን አለበት። የይለፍ ቃል የቤት ቁልፍ ነው። ዩቲዩብ ባለቤቷ ቁልፏን ሳትሰጥ ሌላ ሰው በተወሰነ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያስችል አሠራር አለው። አንዱን ቪዲዮ እንዲያስተካክል፣ ሌላውን እንዲያይ ብቻ ልትፈቅድለት ትችላለች፤ ስትፈልግም ፈቃዱን ታነሳለች። ቻናሉ የተከፈተበት ኢሜይልና ስልክ ቁጥርም የራሷ መሆን አለባቸው።

ገንዘቡም እንደዚሁ ነው። ጎግል የዩቲዩብን የማስታወቂያ ገቢ የሚከፍለው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ሲሆን፣ የሒሳቡ ባለቤትም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ክፍያው በባለቤቷ ወይም በምታምነው የቅርብ ቤተሰብ ስም ይግባ። ከዚያ የማናጀሩን ድርሻ እሷ ትክፈለው እንጂ እሱ ተቀብሎ የእሷን አይቆርጥላት። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ሒሳብ የምትጠቀምም ብትሆን በየወሩ የተጻፈ ሒሳብ ትቀበል። በዝምድናና በጓደኝነት መካከል ብዙ ቂም የሚፈጠረው ሒሳብ መጠየቅ እንደ ነውር ስለሚታይ ነው።

ምን ይጻፍ?

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው ነው። የሚናገረውም ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። ጌታችን ለገንዘብ ጉዳይ ይህን ያህል ቦታ ከሰጠ «እንተማመናለን፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ማለት ከየት መጣ? ውሉ በምናውቀው ቋንቋ ይጻፍ። የሚከተሉትም ይካተቱበት፦

አንደኛ፣ ድርሻው። ለማናጀር በብዙ ቦታ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይከፈላል። ኢማም ቡኻሪ ኢብኑ ሲሪንና ዐጣእን የመሳሰሉ ቀደምት ሊቃውንት የደላላን ክፍያ እንዳልነቀፉ ዘግበዋል። ክፍያው በመቶኛ ሲሆን ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የሐንበሊ መዝሀብ ምሁራን ሲፈቅዱ ሌሎች የታወቀ የገንዘብ መጠን እንዲሆን ይሻሉ። ስለዚህ በአካባቢ ያለ ዓሊም ይጠየቅ። መቶኛው ከምን ላይ እንደሚታሰብም ይገለጽ። በ40,000 ብር ማስታወቂያ ላይ 15 በመቶ 6,000 ብር ነው። ወጪው 10,000 ብር ሆኖ ከተቀነሰ በኋላ ከታሰበ ግን 4,500 ብር ይሆናል። ማናጀሩ ድርሻ የሚያገኘው እሱ ካመጣው ሥራ ብቻ ነው ወይስ ከእሱ በፊት ከነበረውም ገቢ? ይህም ይለይ።

ሁለተኛ፣ ዘመኑ። በሦስት ወር ሙከራ ይጀመር፤ ከተስማሙ ለአንድ ዓመት ይቀጥል። እንዴት እንደሚለያዩና ከተለያዩ በኋላ ድርሻው መቼ እንደሚያበቃ ይጻፍ። «ጠቅላላ ውክልና» ስጪኝ ለሚል ሰው መቸኮል አያስፈልግም። ሥራው ለሚጠይቀው ብቻ ተለይቶ የተጻፈ ውክልና ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ ሐላልና ሐራም። የቁማር ውርርድ፣ አስካሪ መጠጥና በወለድ የሚሰጥ ብድር ማስታወቂያ እንደማይሠራ ከመጀመሪያው በስም ይጠቀስ። ትልቅ ገንዘብ ከቀረበ በኋላ «ይህን አልሠራም» ማለት ከባድ ነው፤ ቀድሞ የተጻፈ ግን ለነፍስም ለማናጀሩም ልጓም ይሆናል። አለባበስ፣ የሶላት ሰዓትና የረመዷን ሥራም እዚሁ ይካተቱ። ለእህቶች ደግሞ ስብሰባና ጉዞ ያለ መሕረም ወይም በብቸኝነት እንደማይሆን ይጻፍ። ይህን ሲሰማ የሚያሾፍ ሰው ገና ሳይጀምር ማንነቱን ነግሯታልና ምስጋና ይገባዋል።

ለወላጆች አንድ ቃል

እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጆቻችሁን «ስልክ ይዘህ ትውላለህ» ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው። የሚሠሩት ሐላል ከሆነ ውላቸውን አብራችሁ አንብቡ፤ የሕግ ባለሙያ ዘመድ ካለ አሳዩት። የማናጀሩን የቀድሞ ደንበኞች ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ በተለይም ከእሱ የተለያዩትን። እንዴት እንደተለያዩ ከሁሉም ይበልጥ ያስተምራል። ልጁ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ ደግሞ ማናጀሩ እናንተው ናችሁ፤ ገንዘቡ ግን የልጁ ነውና ለብቻው ይቀመጥ።

እህታችን ኢስቲኻራ ሰግዳ፣ ከአባቷም ጋር ተማክራ እንዲህ ብላ ትመልስለት፦ «ለሦስት ወር እንሞክር። ቁልፉና ሒሳቡ በእኔ እጅ ይሆናል። የማልሠራቸው ማስታወቂያዎች ዝርዝር ከዚህ በታች አለ። ውሉን በአማርኛ ጽፈን አባቴ ባሉበት እንፈራረም።» ሰውየው በዚህ ከተስማማ አደራ የሚሸከም ሊሆን ይችላል። ድምፁ ከጠፋ ደግሞ የፈለገው የእሷን ቁልፍ ነበርና አልሐምዱሊላህ ብላ ወደ ማጀቷ ትመለስ። ተመልካቾቿም ማናጀሩም ሳይኖር የመጡ ናቸው፤ ሪዝቅም ከአላህ ዘንድ ነው።

አላህ አደራ ከሚያከብሩት ያድርገን፤ አደራችንንም ለባለ አደራ የምንሰጥ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።