ስርቆቱ በጀልባ፣ አሻራው በሱቅ

ጀልባ ለሌባ የተመቸ ነው። ባለቤቱ በአብዛኛው ብቅ የሚለው ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ፣ ሰኞ ሌሊት የተሰበረን በር እስከ ዓርብ ማንም ላያየው ይችላል። አሻራ ቢቀር እንኳ ጤዛው፣ ጨዋማው ነፋስና ፀሐዩ ያጠፉታል። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጀልባዎች በተመዘገቡባት በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ስርቆቱ የተፈጸመበት ቦታ ለመርማሪ የሚነግረው ጥቂት ነው። ብዙ የሚናገረው ዕቃው ወደ ገንዘብ የሚለወጥበት ቦታ ነው፤ ከእንዲህ ዓይነት ቦታዎችም መዝገብ በመያዝ ፓውን ሾፕን የሚያህል የለም።

ፓውን ሾፕ ዕቃ በመያዣነት ተቀብሎ የሚያበድር ሱቅ ነው። ባለጉዳዩ ሐብሉን፣ ጊታሩን ወይም ካሜራውን ያስይዝና ከዋጋው ጥቂቱን ተበድሮ፣ ትኬት ይዞ ይወጣል። በጊዜው ከነክፍያው ከመለሰ ዕቃውን ይወስዳል፤ ካልመለሰ ዕቃው የሱቁ ይሆናል። ብድሩ ርካሽ አይደለም፤ ፍሎሪዳ በየ30 ቀኑ እስከ 25 በመቶ ማስከፈልን ትፈቅዳለች። ሆኖም የባንክ ሒሳብም የደመወዝ ማስረጃም ስለማይጠየቅ የቸገረው ሁሉ ይሄዳል። ማስያዝ ያልፈለገ እዚያው ይሸጣል። ጥሬ ገንዘብ በደቂቃዎች ውስጥ መገኘቱ ሌባንም ይስባል።

ሌባን በገዢው በኩል መያዝ የቆየ ሐሳብ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆሙ መርከቦች ስኳራቸውና ቡናቸው በየሌሊቱ ይዘረፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው ዳኛ ፓትሪክ ኮልሁን በ1796 ባሳተመው ጥናት፣ የተሰረቀ ዕቃ የሚቀበል ከሌለ ስርቆቱ እንደሚከስም ተከራከረ፤ የመያዣ አበዳሪዎችና የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችም በፈቃድና በቁጥጥር እንዲሠሩ ጠየቀ። በ1798 ከጆን ሃሪዮት ጋር ሆኖ በዋፒንግ የወንዝ ፖሊስ አቋቋመ። የቴምዝ ወንዝ ፖሊስ ዛሬም መቀመጫው እዚያው ነው።

የዛሬው የፍሎሪዳ ሕግ ይህንኑ ሐሳብ በቅጽ አስፍሮታል። አንድ ሰው የጀልባ ሬዲዮ ይዞ ወደ ሱቁ ቢገባ ባለሱቁ መታወቂያውን ይጠይቀዋል። ቅጹ ላይ የዕቃው ስሪት፣ ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥር፣ ቀለምና ልዩ ምልክት ይሰፍራል። የአምጪው ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የሥራ ቦታ፣ የልደት ቀንና መልክም ይመዘገባል። በመጨረሻ የቀኝ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፤ ዕቃው ያልተሰረቀና የራሱ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ቃሉ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ከስርቆቱ ሌላ ራሱን በቻለ ከባድ ወንጀል ይከሰሳል። ጀልባው ላይ በጓንት የደበቀውን አሻራ ሱቁ ውስጥ በገዛ እጁ ሰጠ ማለት ነው።

ቅጹ ሱቁ ውስጥ ተዘግቶ አይቀመጥም፤ ለፖሊስ ይተላለፋል። መርማሪዎች እንደ ሊድስኦንላይን ባሉ የመረጃ ቋቶች አማካይነት በሌላ ከተማና በሌላ ግዛት የተደረገን ግብይት ሳይቀር በሲሪያል ቁጥር ወይም በሰው ስም ይፈልጋሉ። የኤፍቢአይ ብሔራዊ የወንጀል መረጃ ማዕከልም ከ1967 ጀምሮ የተሰረቁ ንብረቶችን መዝገብ ይይዛል፤ ለጀልባዎችም የተለየ ክፍል አለው። ፍለጋው ጊዜ እንዲያገኝ ሱቁ የገዛውን ዕቃ ለ30 ቀን መሸጥ አይችልም። ፖሊስ ከጠረጠረ ደግሞ ዕቃው እስከ 90 ቀን እንዳይነካ ያዛል።

ከጀልባ የሚሰረቁት ዕቃዎች ለዚህ አሠራር የተመቹ ናቸው። የአደጋ መጥሪያ ያለው የባሕር ሬዲዮ ባለ ዘጠኝ አኃዝ የጥሪ ቁጥር ይሞላበታል፤ በብዙዎቹ ላይ ቁጥሩ አንዴ ከገባ በኋላ ተጠቃሚው እንዳሻው አይቀይረውም። የነፍስ አድን ምልክት ማስተላለፊያው በባለቤቱ ስምና ስልክ የተመዘገበ መለያ አለው። ከ1972 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጀልባ ራሱ ከኋላ በቀኝ በኩል ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ተለጥፎበታል። ከ1984 ወዲህ ደግሞ ሁለተኛው ቁጥር በስውር ቦታ እንዲቀመጥ ግዴታ ሆኗል።

ከሁሉም የሚደንቀው እንደ ጋርሚን ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት የጉዞ ካርታ ስክሪን ነው። ሌባው ሲሪያል ቁጥሩን ፍቆ ሊያጠፋ ይችላል። ስክሪኑ ሲበራ ግን ባለቤቱ ያስቀመጣቸው ነጥቦች ይወጣሉ፦ ዓሣ የሚበዛበት ድንጋያማ ቦታ፣ ጀልባው የሚያድርበት ማቆሚያ፣ የተመላለሰበት መስመር። የትውስታው ይዘት ካልተሰረዘ መሣሪያው የማን እንደነበር ከዚያ በላይ የሚመሰክር የለም።

የቁጥሩ መገጣጠም ግን የምርመራው መጀመሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም። ትኬቱ ላይ ያለው ሰው ዕቃውን ከሌላ ገዝቶት ሊሆን ይችላል፤ ከማን፣ መቼና በስንት እንደገዛ ይጠየቃል። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት ሱቅ ሦስት ሬዲዮ አስይዞ ከተገኘ ግን መልሱ ይከብደዋል። ባለቤቱም ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ስላየ ብቻ አንሥቶ አይሄድም። የፖሊስ ሪፖርቱን ይዞ ለሱቁ በጽሑፍ ያመለክታል፤ በ10 ቀን ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ባለሱቁም ዕቃውንና ያበደረውን ገንዘብ ባንዴ ስለሚያጣ የተሰረቀ ዕቃ ለእርሱም ኪሳራ ነው።

አሠራሩ ቀዳዳ አለው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሌባ ወደ ሱቅ ሳይሄድ በኢንተርኔት ይሸጣል፤ ትልልቆቹ ሞተሮችም በሌላ መንገድ ይሸኛሉ። ከ2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ሕግ የኢንተርኔት ገበያዎች የሻጮችን ማንነት እንዲያጣሩ ያስገድዳል፤ ነገር ግን በዓመት ቢያንስ 200 ሽያጭና 5,000 ዶላር ገቢ ያለውን ሻጭ ብቻ ስለሚመለከት አንዲት ሬዲዮ የሚሸጠውን አይነካም።

ትልቁ ቀዳዳ ግን የባለቤቱ ነው። ሱቁ የቁጥሩን አንድ ወገን መዝግቧል፤ ሌላውን ወገን ማቅረብ ያለበት የተሰረቀበት ሰው ነው። «ጥቁር ሬዲዮ ነበር» ብሎ የሚያመለክት ሰው ዕቃው ሁለት መንገድ አልፎ ካለ ሱቅ ቢቀመጥም የሚያገናኘው ነገር የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን ዕቃ ከነሲሪያል ቁጥሩ ፎቶ ማንሣት፣ ደረሰኙን ማስቀመጥ፣ የካርታውን ነጥቦች በሌላ ቦታ መገልበጥ። እነዚህ ግን ከጀልባው ጋር አብረው እንዳይሰረቁ ቤት ውስጥ ይቀመጡ።