ድንጋይ ስር ያለችው የሸርጣን ዘመድ

እስቲ ነገ ጠዋት ጓሮ ወጣ በሉና አንድ እርጥብ ድንጋይ ፈንቅሉ። ብርሃን ሲያርፍባት መግቢያ ጠፍቷት የምትራወጥ፣ ጀርባዋ እንደ ጥሩር የተደራረበ ግራጫ ፍጡር ካገኛችሁ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጧት። አትናከስም። አንዳንዷ እንዲያውም ስትነኳት ተጠቅልላ ሽምብራ ትሆናለች።

የበረሮ ዘር ናት ብላችሁ ከእኔ ጋር እንዳትወራረዱ፣ ትሸነፋላችሁ። እግሯን ቁጠሩ። የነፍሳት እግር 6፣ የሸረሪት 8፣ የእሷ 14 ነው! ዘመዶቿ ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። አይሶፖድ በሚባለው ምድብ ውስጥ ስትሆን፣ ከምድቡ ብዙዎቹ ዛሬም ባሕር ውስጥ ይኖራሉ። አንዱ፣ ባቲኖመስ ጂጋንቴየስ፣ ጥልቅ የአትላንቲክ ወለል ላይ እየዳኸ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። የሩቅ አጎቷ በሉት።

እኔን የገረመኝ ግን ሆዷ ነው። በጀርባዋ አስተኟት። ወደ ጅራቷ በኩል ቅጠል የመሰሉ ስስ ነገሮች ተደርድረዋል፤ የምትተነፍሰው በእነሱ ነው። እንደ ዓሣ ጊል ካልረጠቡ አይሠሩም። ድንጋይ ስር የምትወሸቀው ዓይን አፋር ሆና እንዳይመስላችሁ። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ላይ እዚያው ነጫጭ ነጠብጣቦች ታያላችሁ፤ ከአየር ኦክስጅን የሚስቡ ጥቃቅን ሳምባዎች ናቸው። የየብስ ኑሮ ያስተማራት ዘዴ መሆኑ ነው።

እናቲቱማ ባሰች! እንቁላሏን መሬት ላይ አትጥልም። ደረቷ ስር ፈሳሽ የሞላበት ከረጢት አላት፤ ልጆቹ እዚያው ተፈልፍለው፣ እዚያው ዋኝተው፣ ነጫጭ ሆነው ይወጣሉ። ያኔ እግራቸው 12 ነው። የቀረው ጥንድ በኋላ ይመጣል።

ሽንት የሚባል ነገርም አታውቅም፤ አሞንያውን በጋዝ መልክ ታተነዋለች። ቅርፊቷንም እንደ እባብ አንዴ ገፍፋ አትጥለውም፤ መጀመሪያ የኋላውን ግማሽ፣ ከቀናት በኋላ የፊቱን። ከወገቧ በላይና በታች መልኳ የተለያየ ካጋጠማችሁ ልብስ እየቀየረች ነውና አትረብሿት። የጣለችውን ቅርፊት ደግሞ መልሳ ትበላዋለች፤ ካልሲየሙን ማን ይተዋል? ሌላው ቀለቧ የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ነው።

አይታችሁ ስትጨርሱ ድንጋዩን ቀስ አድርጋችሁ መልሱላት። ፀሐይ ላይ ከተዋችኋት ትደርቃለች።