የልብ ድካም ላለበት ሰው ስማርት ሰዓት ወይስ ሚዛን?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «እናቴ የልብ ድካም አለባት። ውጭ ያለው ወንድሜ ስማርት ሰዓት ሊልክላት ነው። ውሃ ስትቋጥር ቀድሞ ይነግረናል?»

አጭሩ መልስ፦ አይነግራችሁም። ለምን እንደሆነ እንየው።

የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት ሳይሆን ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት አቃተው ማለት ነው። ግፊት፣ የልብ ደም ስር መጥበብ፣ በአገራችን በወጣቶች ላይ ደግሞ የልብ በሮችን (ቫልቮችን) የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ያመጡታል። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲያንስ «ውሃ አጥሯል» ብሎ ጨውና ውሃ ይዞ ያስቀራል። ያ ውሃ እግር ላይ፣ ሆድ ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል።

እጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓት የልብ ምትን ይቆጥራል፤ አንዳንዱም የምት መዛባትንና ኦክስጅንን ያሳያል። ይህ ጥቅም አለው። ግን ኦክስጅን የሚወርደው ብዙ ጊዜ ሳንባ ውሃ ከያዘ በኋላ ነው። ያኔ ዘግይተናል።

የሳንባን ውሃ የሚለኩ መሣሪያዎች በሌላው ዓለም አሉ። «ሬድስ» የሚባለው ደረት ላይ የሚደረግ መሣሪያ በሬዲዮ ሞገድ ለክቶ በሳንባ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በመቶኛ ይናገራል፤ ጤናማው ከ20 እስከ 35 በመቶ ነው። ደረት ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ የፈቀደችው «ካርዲዮሜምስ» ደግሞ ወደ ሳንባ በሚሄደው ደም ስር ውስጥ ተቀብሮ ግፊቱን ይለካል። እኛ ዘንድ ግን እነዚህ የተለመዱ አይደሉም።

እኛ ያለን ሚዛን ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። እግር ሳያብጥ፣ ትንፋሽ ሳያጥር ከቀናት በፊት ሚዛኑ ሊናገር ይችላል። ችግሩ እኛ ኪሎ መጨመርን እንወዳለን፦ «ተመስገን፣ ሰውነቷ ተመለሰ!» እንላለን። በ3 ቀን የመጣ 2 ኪሎ ግን ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው።

እንዴት ይመዘን?
1. በየቀኑ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከተሄደ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ።
2. በአንድ ዓይነት ልብስ፣ በዚያው ሚዛን፣ ሲሚንቶ ወይም ሌላ ደልዳላ ወለል ላይ።
3. ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ከሆስፒታል ስትወጡ «ውሃው ሲወጣ ትክክለኛ ክብደቴ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።
4. ቤት ሚዛን ከሌለ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን ተመዘኑ።

በአንድ ቀን 1 ኪሎ ተኩል ወይም በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሐኪማችሁን አግኙ። ሚዛን ብቻውን ግን አይበቃም፤ የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ ሥጋ ሲቀንስ ውሃው ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ትራስ መደራረብ፣ ሌሊት በትንፋሽ ማጠር መንቃት፣ ጫማ መጥበብ፣ እግር ሲጫኑት መሰርጎድ ካለም ኑ።

ለእኛ ለቆላው ሰዎች፦ ሳንጃም ሆነ መተማ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ላሲክስ የሚወስድ ሰው ብዙ ካላበው ሰውነቱ ሊደርቅ ይችላል። ኪሎ በፍጥነት ቢቀንስና ሲነሱ ቢያዞር ይህም ወደ ሐኪም ያስኬዳል። በቀን ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚለያይ ጠይቁ። ደግሞም ሆድ ያበጠ ሁሉ ልብ አይደለም፤ በአካባቢያችን የሚታወቁት ቢልሃርዝያና ካላዛርም ሆድ ያሳብጣሉ፤ መመርመር ይሻላል።

እነዚህንም አትርሱ፦
✅ ኪኒኑን «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።
✅ ወጥ ላይ ጨው ቀንሱ።
✅ ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ፤ ውሃ ያስቋጥራሉ።

⚠️ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረ፣ አረፋ ያለው አክታ ከመጣ፣ ደረት ከጨመቀ ወይም ራስ ካሳተ «ነገ ይሻለኛል» አይባልም። ወዲያው ሆስፒታል!

ወንድማችሁ ሰዓቱን ከላከ ደግ ነው፣ አድርጉላት። ከሰዓቱ በፊት ግን ሚዛን ይቅደም።

የልብ ሕመምተኛ ላለበት ቤት ሼር አድርጉ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። መልካም ጤና!