ሽማግሎችና ባልቴቶች በቤት ውስጥ እንዳይወድቁ ስለ መጠበቅ

ሰው ሲያረጅ መውደቁ የዕድሜ ዕዳ ነው፥ መከላከያም የለውም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ሲመረመር ግን መውደቅ ቦታና ሰዓት ያለው ሆኖ ይገኛል። ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በገደል ሳይሆን በገዛ ቤቱ፥ ከመደቡ እስከ ደጁ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በያመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው ይሞታሉ፤ ከነዚሁም በቍጥር የሚበልጡት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው።

ተኝቶ የቈየ ሽማግሌ ሌሊት ለሽንት ድንገት ብድግ ቢል፥ ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ለራሱ ስለሚያንሰው ያዞረዋል። ስለዚህ በመደቡ ጫፍ ተቀምጦ እግሩን እያንቀሳቀሰ ጥቂት ሊቈይ ይገባዋል። የደም ብዛት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሚያዞረው እንደ ሆነ ለሐኪም ይንገር እንጂ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አይተው። ባትሪ ወይም ፋኖስ ከራስጌው፥ እጁ በሚደርስበት ስፍራ ይደር።

የሽማግሌ እግር ከመሬት ብዙ አይነሣምና፥ ሌላው ሰው ሳያስበው የሚሻገረው ነገር ያደናቅፈዋል። ጫፉ የተጠቀለለ ሰሌን፥ በርጩማ፥ የጥጃ ገመድ፥ በደፉ ላይ የፈሰሰ ውሃ፥ ይህ ሁሉ ከመንገዱ ይነሣ። በበሩ መቃን አጠገብ የሚጨበጥ ጠንካራ እንጨት ቢተከል፥ እስከ መጸዳጃውም ድረስ በክረምት ጠጠር ቢፈስስ፥ ድካሙ የአንድ ቀን ነው። የምርኩዝም ልክ አለው፤ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያወርድ የምርኩዙ ራስ ከእጁ አንጓ ይደርሳል። ረዥሙ ለግርማ ያምር ይሆናል፥ ለመደገፍ ግን አይመችም። የሚያመው የግራ እግር እንደ ሆነ ምርኩዙ በቀኝ እጅ ይያዛል፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይይዛል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከፍቅር የሚመጣው ስሕተት ነው። አባት አንድ ጊዜ የወደቀ እንደ ሆነ ልጆቹ «አይነሡ፥ እኛ እናመጣልዎታለን» እያሉ ያስቀምጡታል። የተቀመጠ እግር ይከሳል፥ ይደክማል፤ በተነሣም ቀን ፈጥኖ ይወድቃል። ሽማግሌውም መቀመጥን ፈርቶ መውደቁን ይሸሽጋል። የሚሻለው ሰው አጠገቡ ሆኖ በየቀኑ ማራመድ፥ ደግሞም ከጠንካራ መቀመጫ 10 ጊዜ ያህል እንዲነሣና እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

መምህሩ ይህን ሲያስረዳ ለተማሪዎቹ ሥራ ይስጣቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ ማታ ከአያቱ መደብ ተነሥቶ እስከ መጸዳጃው ቀስ ብሎ ይሂድና እግሩን ያደናቀፈውን ሁሉ ቈጥሮ ይምጣ።

የወደቀ ሰው መቆም ያቃተው፥ እግሩም አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ እንደ ሆነ፥ የጭኑ አጥንት ከዳሌው አጠገብ ተሰብሮ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ማሸትና መጐተት አይገባም። ወጌሻ አጥብቆ ቢያስረውም የደሙ መንገድ ተዘግቶ እግር እስከ መቈረጥ ይደርሳል። በቃሬዛ አስተኝቶ፥ እግሩንም በትራስ ደግፎ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።